የመርል ሃውገን ስልሳኛ ምት

በረዶ ሜዳውን ሸፍኖ ቤዝቦል ሲቆም፣ የሆሊስ ከተማ አዛውንቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል ይሰበሰባሉ። ባለ ተራው ከከተማው ቡድን የድሮ መዝገብ አንድ የቁጥር እንቆቅልሽ አውጥቶ ይመጣል፤ ሌሎቹ እርሳስ ይዘው ይታገሉታል። መዝገቡን አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በእጇ የጻፈችው ኦፓል ሬዲንግ ናት። በየጨዋታው ከአጥሩ ኋላ ተቀምጣ ይሄ ምት ነው፣ ያኛው የተከላካይ ስህተት ነው እያለች የምትፈርደው እሷ ነበረች፤ ስህተት የተባለ ኳስ ለመቺው አይቆጠርለትም። እንቆቅልሹንም አብዛኛውን ጊዜ ቀድማ የምትፈታው እሷው ናት፤ ይህን የማይወዱላትም አልጠፉም።

የካቲት መጀመሪያ ላይ ተራው የመርል ሃውገን ሆነ። መርል አርባ ዓመት በእህል ጎተራ ሲሠራ የኖረ፣ ትከሻው አሁንም በር የሚሞላ ሰው ነው። በወጣትነቱ የቡድኑ መቺ ነበር። እሱና ኦፓል በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ እንጂ ሰላምታ አይለዋወጡም። ወረቀቱን ለሁሉም አደለና የእሷን ሳያያት ወረወረላት።

«ለመምታት ሁለት መቶ ጊዜ ዱላ ይዞ ቆመ» ይላል ወረቀቱ። «የመታው ብዛት ከመቶ አይበልጥም፤ ለሁለትም፣ ለሦስትም፣ ለአራትም፣ ለአምስትም፣ ለስድስትም ያለ ቀሪ ይካፈላል። ሰውየው ማነው?»

ኦፓል እርሳስ ማንሳት እንኳ አላስፈለጋትም። ስልሳ ነው። ከሁለት መቶው ስልሳውን መምታት ማለት ደግሞ፣ የመቺ ውጤት እንደሚሰላው፣ ከሺህ ሦስት መቶ ነው። ሦስት መቶ የመታ ሰው ስሙ ይነሳል፤ ከዚያ በታች የቀረ ከብዙዎቹ አንዱ ሆኖ ይቀራል። ችግሩ፣ እንዲህ ያለ ሰው በመዝገቧ ውስጥ የለም። ልክ ሁለት መቶ ጊዜ የቆመው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ራሱ መርል፣ በ1978 በጋ። የመታው ግን ሃምሳ ዘጠኝ ነው። በመጨረሻው ቀን የመታትን ኳስ ኦፓል የተከላካይ ስህተት ብላ ጻፈቻት። ያን ጊዜ ከትልቅ ከተማ የመጣ ተጫዋች መልማይ ሦስት መቶ የሞሉትን ስም ሲመዘግብ የመርልን ሳይጽፍ ሄደ።

የክበቡ ሰብሳቢ ግሌን፣ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ፣ መዝገቡን ገልጦ ጣቱን በዝርዝሩ ላይ ሲያወርድ ቆየና ሳቀ። መርል ሃውገን፣ ሁለት መቶ፣ ስልሳ የሚል ተጽፏል። አንዳንዶቹ አጨበጨቡ።

ኦፓል መዝገቡን ስጠኝ አለችው። ገጹን ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው። ቁጥሩ ያለበት ቦታ በምላጭ ተፍቆ ወረቀቱ ሳስቷል፤ ሃምሳ ዘጠኙ ስልሳ፣ ሁለት መቶ ዘጠና አምስቱ ሦስት መቶ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት መዝገቡን ወደ ቤቱ የወሰደው ማን እንደነበር ሁሉም ያውቃል።

«ይሄ የእኔ ጽሕፈት አይደለም» አለች።

«እርጅና ነው፣ እሜቴ ዳኛ» አለ መርል። «የገዛ እጅሽን ረሳሽው።»

ሁለት ሰዎች ሳቁ። ኦፓል የዚያን ዓመት የቡድኑን ምቶች ከላይ እስከ ታች ደመረች። አምስት መቶ ሰባ ሁለት መጣላት። ከገጹ ግርጌ በራሷ እጅ የተጻፈው ድምር ግን አምስት መቶ ሰባ አንድ ይላል። መዝገቡን ወደ ግሌን ገፋችለት። ግሌን ሁለት ጊዜ ደመረና መነጽሩን አወለቀ።

«ቁጥሩን ስትፍቅ ድምሩን ረሳኸው» አለችው መርልን። «ለሌብነትም ሂሳብ ማወቅ ያስፈልጋል።»

መርል አልካደም። ፊቱ ቀልቶ በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ አዘነበለ። «ኳሷ የተከላካዩን ጓንት አልነካችም። አንቺ የጻፍሽብኝ የእህትሽን ቂም ነው።»

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ መርል የኦፓልን እህት ፌይን ለሰርጋቸው ሁለት ሳምንት ሲቀር ጥሏት እንደነበር የማያውቅ አልነበረም።

«የእሷን ስም በአፍህ አታንሳ» አለች ኦፓል። «ኳሷ ጓንቱን ነክታ ወደቀች። ያየሁትን ጻፍኩ።»

«ሌላ ሰው ቢሆን ምት ትይው ነበር። እስቲ አንድ ቀን እንኳ እውነቱን ተናገሪ።»

ኦፓል መዝገቡን ከግሌን ፊት መልሳ ወደ ራሷ ሳበችው። ኳሷ ጓንቱን መንካቷን ተጠራጥራ አታውቅም። ግን እንደ ጥይት የምትከንፍ፣ ለመያዝ የምታስቸግር ኳስ ነበረች፤ እንደዚያ ያለችውን በዚያው በጋ ለሌሎች ሁለት ጊዜ ምት ብላ ጽፋላቸዋለች። የዚያን ዕለት ጠዋት ፌይ መታጠቢያ ቤት ዘግታ ስታለቅስ ሰምታ ነበር ወደ ሜዳው የሄደችው። ስህተት ብላ ስትጽፍ ደስ እንዳላትም ታውቃለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ እሱ እንዲያ አፍጥጦባት ደግሞ ጨርሶ አትናገረውም።

«ሃምሳ ዘጠኝ ነው» አለች።

ከቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ከጆዲ እስክሪብቶ ተቀብላ የተቀየሩትን ቁጥሮች ሰረዘች፤ የድሮዎቹን ጽፋ ፈረመችበት። መርል ካፖርቱን አንስቶ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

«ለአንድ ሽማግሌ አንድ ምት ብትተዪለት ምን ይጎድልብሽ ነበር?»

«ብትለምነኝም አልሰጥህም ነበር» አለችው።

ከሄደ በኋላ ማንም አላናገራትም። ሁልጊዜ በመኪናው ቤቷ የሚያደርሳት ግሌን፣ ዛሬ በሌላ በኩል ነው የምሄደው ብሎ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ወጣ። ኦፓል በበረዶው ውስጥ በእግሯ ሄደች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከዘጠኙ የክበቡ አባላት የመጡት አራት ናቸው። መዝገቡ ከመደርደሪያው ተነስቶ በጆዲ መሳቢያ ተቆልፎበታል። የሚያየው ሰው ፈርሞ፣ እሷ ባለችበት ብቻ እንደሚያየው ጆዲ በትሕትና አስረዳቻት።

«እርስዎም ቢሆኑ፣ ወይዘሮ ሬዲንግ። ደንቡ ለሁሉም ነው።»

ኦፓል ፈረመች። ተራው የእሷ ነበርና ከ1978 ውጪ የሆነ ዓመት ፍለጋ ገጾቹን ስታገላብጥ፣ ጆዲ ከፊት ለፊቷ ተቀምጣ እጇን እጇን ታያት ነበር።