የኣቦይ ኣስፋሃ ቢጫ መብራት

በመቐለ ከተማ፣ ዓይደር ክፍለ ከተማ፣ በጡረተኛው የመዝገብ ቤት ኃላፊ በአቶ ኣስፋሃ ግቢ በቆመች ነጭ የቤት መኪና ውስጥ፣ ስምንት ወር ሙሉ ሲበራ የቆየው ባለ ሞተር ሥዕል ቢጫ መብራት ቅዳሜ ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል ላይ መጥፋቱ ለሚመለከታቸው ሁሉ ይገለጻል። ያጠፋው አማቻቸው ደመላሽ ነው።

የመብራቱን አገልግሎት ለማያውቅ ሰው ይህ የምሥራች ይመስላል። ኣቦይ ኣስፋሃ ግን ሰው ፊት እምቢ ማለት የማይችሉ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ውስጥ ሰርግ ሲሆን መኪናቸው ታጅባለች፣ ለቅሶ ሲሆን ወንበር ትጭናለች። ነዳጅ በጠፋባቸው ዓመታት እንኳ ሳይነዷት በየሳምንቱ ሲያጥቧት ኖረዋል። ባለፈው ጥር ለአንድ ሰርግ ሰጧት፤ የኮፈኗ ቀለም አበባ ከተለጠፈበት ፕላስተር ጋር ተልጦ፣ የኋላ ወንበሯ በኬክ ክሬም ተለስኖ ተመለሰችላቸው። አመሰገኑ።

ብዙም ሳይቆይ መብራቱ በራ። ከዚያ ወዲህ ሊዋስ የመጣ ሁሉ ዳሽቦርዱን አይቶ «ውይ፣ ታማለች እኮ!» ብሎ ምሕረት ለምኖላት ይሄዳል። ኣቦይ አንዲት ቃል መዋሸት አላስፈለጋቸውም።

ደመላሽ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ የፊዚክስ መምህር ነው። ልጃቸውን ሉላን ካገባ አራት ወሩ። አማቱን የሚያስደስት ነገር ሲፈልግ ሰንብቶ፣ ሮማናት አካባቢ ካለ ሱቅ የክብሪት ሳጥን የምታህል መመርመሪያ ገዝቶ መጣ።

«ተዋት፣ ወደይ፣ ልጄ። ለምዳዋለች» አሉ ኣቦይ።

«አምስት ደቂቃ ነው፣ ኣቦይ። እርስዎ ቁጭ ይበሉ።»

መመርመሪያዋን ከመሪው ስር ካለው ሶኬት ሰክቶ ከስልኩ ጋር አገናኛት። ስልኩ P0141 የሚል ቁጥር አወጣ። ደመላሽ ለክፍሉ እንደሚያስረዳ አስረዳ፤

«የጭስ ማውጫው የኋለኛው ኦክስጅን ሴንሰር ነው። ማሞቂያው ኤሌክትሪክ አልደረሰውም። ዝም ብሎ ማጥፋት ደግሞ አይጠቅምም፤ ምክንያቱ ካልተነሳ ተመልሶ ይበራል።»

«እንግዲያው ይብራ!» አሉ ኣቦይ፣ ተስፋ ባለው ድምፅ።

ደመላሽ ግን ሽቦውን ተከትሎ ከፊት ወንበር ምንጣፍ ስር ገባ። የሴንሰሩ ሶኬት ተነቅሏል። ተነቅሎም አልተጣለም፤ ሁለቱ ጫፎች ለየብቻ በንጹሕ ፌስታል ተጠቅልለው፣ ፋይል በሚታሰርበት ነጭ ክር ልቅም ተደርገው ታስረዋል።

«ይሄንን ደግሞ የትኛው መካኒክ ነው የሠራው?»

ኣቦይ የጥቅምት ብርድ ዘንድሮ እንደባሰ ተናገሩ።

ደመላሽ ክሩን ፈታ፣ ሶኬቱን ጠቅ አድርጎ ሰካ፣ ስልኩ ላይ «አጥፋ» የሚለውን ነካ፣ ሞተሩን አስነሳ። ዳሽቦርዱ ጸዳ። ሰነፍ ተማሪው አንደኛ እንደወጣለት አስተማሪ ዘሎ ወጥቶ ጮኸ፤ «ጠፋ! ድናለች!»

አጥሩ ቆርቆሮ ነው። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታቸው ኣደይ ለተመድህን ሳያንኳኩ ገቡ። ቀጥታ ወደ መኪናዋ ሄደው፣ አንገታቸውን በመስኮቱ አስገብተው ዳሽቦርዱን መረመሩና እልል አሉ። ከዚያ አማቹ ምስክር እንዲሆን ነገራቸውን በአማርኛ አደረጉት።

«ኣስፋሃ ሓወይ፣ እንኳን እግዚኣብሔር ማራት! የልጄ የዳግማዊት ሰርግ እሑድ ሳምንት ነው። ከዓርብ እስከ ማክሰኞ ብቻ።»

«አምስት ቀን?» አለ ደመላሽ።

«መልስ አለ፣ ቅልቅል አለ፣ ወደይ! ስለ ነጂ አታስቡ፤ የወንድሜ ልጅ ይነዳታል። መንጃ ፈቃዱም ሊደርስለት ነው።»

ደመላሽ አማቱን አየ። እጁ ላይ የቀረውን ነጭ ክር አየ። ያን ጊዜ የመዝገብ ቤት ክር መሆኑ ገባው።

«ኣደይ፣ ለነገሩ… ሊመለስም ይችላል እኮ መብራቱ…»

«ድናለች ብለህ የጮኽከው አንተ አይደለህ!»

ኣቦይ ኣስፋሃ ወደ ዳሽቦርዱ አዩ። ምንም የለም። በስልሳ ስድስት ዓመታቸው አንድም ቀን ያልተጠቀሙበትን ቃል አወጡ።

«አልሰጥም» አሉ።

«እ?»

«መኪናዋን አልሰጥም።»

«ሌላ በሽታ አላት?»

«ደህና ናት።»

«ልትሄድባት ነው?»

«የትም አልሄድም።»

«ታዲያ ለምን?»

ኣቦይ የመኪናዋን በር ዘግተው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

«ለምን እንደሆነ አልናገርም።»