ሚዳቋዋን የገጨው

ሚዳቋዋ ከቁጥቋጦው ዘላ ስትወጣ ሳሂራም ፍሬን የያዘው ዘግይቶ ነበር። የፊት ጎማው ጎኗን መታት፤ ሞተር ብስክሌቱም ተንሸራቶ አሸዋው ላይ ተገለበጠ። ከኋላው ተፈናጥጦ የነበረው ጓደኛው ፓራግ ክርኑን እያሻሸ ተነሳ። ሚዳቋዋ አልተነሳችም።

"ሞተሩን ቶሎ አንሳው፣ ሰው ሳይመጣ እንሂድ" አለ ፓራግ።

ሰው ግን እየመጣ ነበር። ሱጊ የምትባል አሮጊትና ልጇ ቢርባል ከማሽላው እርሻ እየሮጡ ደረሱ። ቢርባል ቀጥታ ሄዶ የሞተሩን ቁልፍ ነቀለ። ሱጊ መሬት ላይ ተቀምጣ የእንስሳዋን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አደረገችና ከቅሏ ውሃ አንጠባጠበችላት። ሚዳቋዋ ሁለቴ ተንፍሳ ሞተች።

"ይቅርታ እናታችን፣ ድንገት መንገድ ውስጥ ገባችብን" አለ ፓራግ በሂንዲ።

"እሷ እዚሁ ነው የተወለደችው። የገባኸው አንተ ነህ" አለች ሱጊ። "እናቷ ስትሞትባት ምራቴ ጡቷን አጥብታ ነው ያሳደገቻት።"

ሳሂራም የራስ ቁሩን ሳያወልቅ ዝም ብሎ ቆመ። አፉን ቢከፍት አነጋገሩ ያጋልጠዋል። ከአባቱ ተጣልቶ ከወጣ ጀምሮ ለስድስት ዓመት ያልረገጠው መንደሩ ከዚያ ኮረብታ ጀርባ ነው። ሲከንፍ የነበረውም የሚያውቀው ሰው ሳያየው ለማለፍ ነው። ይህን ለፓራግ እንኳ አልነገረውም።

"ይሄኛው ምላስ የለውም እንዴ?" አለ ቢርባል በአገሩ ቋንቋ። "መግደል ብቻ ነው የተማረው?"

"ተወው። የወለደችው ሴት ብታየው ታፍርበት ነበር" አለች ሱጊ።

"እናቴ ሞታለች" አለ ሳሂራም በዚያው ቋንቋ። ሳያስበው አመለጠው።

ሱጊ ቀና አለች። "የማን ልጅ ነህ?"

"ምን አልካቸው?" አለ ፓራግ በሹክሹክታ።

ሳሂራም የራስ ቁሩን አወለቀ። "የማንጊላል።"

ቢርባል መሬቱ ላይ ተፋ። ከዚያ ዱላውን አንስቶ የሞተሩን የፊት መብራት አደቀቀው። "እንግዳ ቢሆን ሚዳቋ ለእኛ ቅዱስ መሆኗን አያውቅም እንል ነበር። አንተ ግን የእኛው ነህ። ከእንስሳ አዳኝ ትብሳለህ።"

ሱጊ አልከለከለችውም። "እናትህ ስትቀበር አባትህ መንገድ መንገዱን ሲያይ ነበር" አለችው። "አስከሬኑ ጉድጓድ ወርዶ እንኳ፣ ልጄ ይመጣል፣ ትንሽ ቆዩ እያለ።"

"ጉድጓዱን እኔ ልቆፍርላት" አለ ሳሂራም ወደ ሚዳቋዋ እያየ።

"እጅህ እንዳይነካት። የጫካ ጠባቂዎቹን እንጠራለን፣ ስምህንም እንሰጣለን። አባትህ ደግሞ ሳይመሽ ከሰው አፍ ይሰማዋል።" ቁልፉን ከልጇ ተቀብላ እግሩ ሥር ወረወረችው። "ሂዱ አሁን፤ ዓይኔ አይያችሁ።"

ፓራግ ሞተሩን እየጎተተ አቆመው። "ለቀቁን እኮ። ምን ቆመህ ታያለህ? ና እንጂ።"

ሳሂራም ቁልፉን ከአሸዋው አነሳና ፓራግ መዳፍ ላይ አስቀመጠው።

"አንተ ንዳው፤ ከተማ ጠብቀኝ።"

"አብደሃል? በዱላ ነው የሚገድሉህ።"

"አባቴ ከሰው አፍ እንዲሰማ አልፈልግም" አለና ወደ ኮረብታው በሚወስደው የእግር መንገድ ገባ። ቢርባል ዱላውን እንደያዘ ከኋላው ተከተለው።