ሐቢባ ያልተናገረችው

«እሱ ደግሞ እዚህ ምን ሊሠራ መጣ?» አለች ጎረቤቷ ናዚማ፣ ወደ ጽዮና ጆሮ ጠጋ ብላ።

ጽዮና ቀና አለች። በሩ ላይ የቆመው ራሐሚም ነው፤ ሸብቷል። እናቷ ከተቀበረች ወዲህ ወለሉ ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተቀምጣ ስንቱን ለቀስተኛ ተቀብላለች፤ እሱን ግን አልጠበቀችውም።

«ያኔ ጥሎሽ የሄደው አይደል? እኔ እንኳ የሰማሁት...»

«እትዬ ናዚማ፣ እናቴ ቤት ነን።»

ናዚማ ሻይ ላምጣ ብላ ተነሳች።

ሟቿ ሐቢባ በዚያ በኢየሩሳሌም የአይሁድ ሰፈር በአፏ የታወቀች ነበረች፤ ባለመናገሯ። ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ሩዝ ሲለቅሙ የሰው ስም ከተነሳ ትሪዋን ይዛ ትገባለች። «ሐሜት ሦስት ሰው ይገድላል ብለዋል አባቶቻችን፤ ሐሜተኛውን፣ ሰሚውንና የታማውን። እኔ ሦስት ሬሳ የማጥብበት ጉልበት የለኝም» ትላለች። «እውነት እኮ ነው፣ ሐቢባ» ሲሏት፣ «ውሸት ቢሆንማ ስሙ ሌላ ነው። ሕጉ የከለከለን እውነቱን ነው።» ይስቁባታል። ሲጨንቃቸው ግን የሚሄዱት እሷው ጋ ነው።

ጽዮና ያን ዝምታ ጠልታው ኖራለች። ራሐሚም እጮኛዋ ነበር። ከሲኒማ ሲመለሱ ሱፍ እየፈለፈሉ፣ ቅርፊቱን መንገዱ ላይ እየተፉ፣ ቤት እንዳይደርሱ ቀስ ብለው ይራመዱ ነበር። አንድ ቀን «ይቅርብን» ብሎ ሰው ላከ። እናቷ የምታውቀው ነገር እንዳለ ፊቷ ያስታውቃል። ብትለምናት፣ ብታለቅስባት፣ «ልጄ፣ ክፉ ሰው አይደለም» ከማለት በቀር አልተነፈሰችም። «ድንጋይ ነሽ» አለቻት ጽዮና። ሐቢባ የልጇን ቀሚስ መተኮሷን ቀጠለች። በኋላ ጽዮና ሌላ አገባች፣ ወለደች፤ በእናትና ልጅ መካከል ግን ያ ቃል ተጋርጦ ቀረ።

ራሐሚም ፊቷ ተቀመጠ። ሐዘንተኛ ሳይናገር እንግዳ አይናገርምና ዝም ብሎ ጠበቃት።

«ደህና ነህ?» አለችው።

«የሚጥል በሽታ ነበረብኝ፣ ጽዮና» አለ በለሆሳስ። «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ስወድቅ ያዩኝ እናትሽ ብቻ ናቸው። ሻሻቸውን ከራሴ ሥር አድርገው እስክነቃ ጠበቁኝ። ከዚያ የሕጉን መምህር፣ የምኩራቡን ሐኻም፣ ጠየቁ፤ ስሜን ሳይጠሩ። ‹ልጅሽ ሳታውቅ እንዳትገባበት መንገር ግዴታሽ ነው፤ እሱ ራሱ ከነገራት ወይም ከተዋት ግን አፍሽን አትክፈቺ› አሏቸው። እኔ ጋ መጥተው፣ ‹ልጄ፣ ወይ ንገራት፣ ወይ ተዋት› አሉኝ። ፈራሁ። ተውኩሽ።»

«ብትነግረኝ እምቢ እል ነበር?»

«አላውቅም። እስከ ዛሬ እሱን ነው የማላውቀው። በኋላ የታዘዘልኝ መድኃኒት ተስማማኝ። ለሚስቴ ነግሬ አገባኋት፤ ልጆቼንም ዳርኩ። እናትሽ አንድ ቃል ቢያመልጣቸው ኖሮ በዚህ ሰፈር ማን ልጁን ይሰጠኝ ነበር? አንቺ ስትቆጪያቸው ሰምቻለሁ። እሳቸው ስለኔ ቻሉት።»

ተነሳ። እንደ ልቅሶው ወግ «ከጽዮን ሐዘንተኞች ሁሉ ጋር እግዚአብሔር ያጽናናሽ» ብሎ ወጣ።

ናዚማ ሻዩን ይዛ ስትመለስ በሩን አየች፣ ጽዮናን አየች። «ምን አለሽ፣ ዓይኔ?»

«ስለ እናቴ ነገረኝ።»

«ምኑን?»

ጽዮና ለለቀስተኛ የቀረበውን የተምር ሳህን ወደሷ ገፋ አደረገች። «ውሰጂና ፍሬውን ለነፍሷ ባርኪላት።»

ናዚማ አንዲት ተምር አንስታ ባረከች። ጽዮና «አሜን» ብላ ከንፈሯን በመዳፏ ሸፈነች።