ዘጠነኛው መስኮት

ሰው ካሜራ ፊት ሲቀመጥ ትንፋሹን ይይዛል። መርፌ ሊወጋ የመጣ ይመስል ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል። እኔ ታዲያ «ፈገግ በል» ብዬ አላውቅም፤ ፈገግ በል የተባለ ሰው ጥርሱን እንጂ ፊቱን አይሰጥህም። «ዛሬ ስንት ሰዓት ተነሳህ?» ነው የምለው። ሊመልስልኝ ሲያስብ ትከሻው ይወርዳል፣ ትንፋሹ ይወጣል፣ ያኔ ጠቅ! ይህን ያስተማረኝ የለም። ስድስት ዓመት ሮቤ ላይ ብቻውን የኖረ ሰው ወይ ይጠጣል ወይ አንድ ነገር ይማራል። የእኔ ጨጓራ ደግሞ መጠጥ አይወድም።

መልአኩ እባላለሁ፣ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ካሜራዬን ከአንድ ወደ አዲስ አበባ ከተዛወረ ባልደረባዬ ነው የገዛሁት። እሱ ተዛወረ፣ ካሜራውና እኔ ቀረን። ባለቤቴ ሳምራዊት ሀዋሳ ነርስ ናት። ልጃችን ምኞት አራት ዓመቷ ነው፤ በዓመት ሁለቴ ነው የማያት። ሌላውን ጊዜ በየምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከመተኛቷ በፊት፣ በስልክ ታወራኛለች። ባለፈው ፋሲካ ስሄድ በሩን ከፍታ አየችኝና «እማ፣ የስልኩ አባዬ መጣ!» አለች። ሳምራዊት ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ዘንድሮ ግን እግዜር በሬን የከፈተልኝ መሰለኝ። ዘይነዲን የሚባል የፊዚክስ መምህር ሀዋሳ ላይ ተገኘ፤ እናቱ እዚህ ሮቤ አጠገብ፣ አጋርፋ፣ ታመውበት ወደዚህ መቀየር ይፈልጋል። እሱ ወደ እኔ ቦታ፣ እኔ ወደ እሱ ቦታ። መምህር የሆነ ሰው ያውቀዋል፣ ቅያሪ ማግኘት ሎተሪ ነው። የሚቀረው የሁለታችን መልቀቂያ ነበር። የእሱ በሦስት ቀን ተፈረመ። የእኔ እስከ ነሐሴ ሃያ አምስት ካልደረሰ ቅያሪው ይሰረዛል። እኔም ክረምቱን ከልጄ ጋር መክረም ሲገባኝ፣ ፊርማዬን ልጠብቅ ብዬ ሮቤ ቁጭ አልኩ።

ፈራሚው የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር አቶ መሸሻ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። «እፈርማለሁ፣ ምን ችግር አለው» ይሉሃል፣ ሻይ ይጋብዙሃል፣ ማህተሙ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል። ሐምሌ በዚህ አለቀ።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ለቢሯቸው ግድግዳ ፎቶ እንዳነሳቸው ጠየቁኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ፤ የተደሰተ ሰው ይፈርማል ብዬ። መስኮቱ አጠገብ በጎን አስቀመጥኳቸው። በጨለማው በኩል ነጭ አንሶላ ወንበር ላይ ሰቀልኩ፣ ብርሃኑን መልሶ ጉንጫቸውን እንዲያለሰልስ። አቶ መሸሻ ግራ ዓይናቸው ከቀኙ ያንሳል፤ ዕድሜ ልካቸውን በፎቶ የሚያፍሩት በዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ትንሹን ዓይን ወደ ካሜራው አቅርበህ ታነሳዋለህ፣ የቀረበ ነገር ይተልቃል። «ዛሬ ስንት ሰዓት ተነሱ?» አልኳቸው። ጠቅ!

ፎቶውን ሲያዩ ካሜራውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«መልአኩ፣ እኔን በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ካሳመርከኝ፣ ህንፃውንማ ምን ታደርገው!»

ህንፃው ማለት በግቢያችን ጥግ የቆመው አዲሱ የመምህራን መኖሪያ ነው። ከታች ስድስት፣ ከላይ ስድስት ክፍል። ቀለም ተቀብቷል፣ መስታወት ገብቶለታል። የመብራት ሽቦ ግን አንድ ክር አልተዘረጋበትም። በፊት ለፊቱ፣ በበሩ በኩል፣ የጠጠር ክምር አለ፤ ደረጃውም መደገፊያ የለውም። ሪፖርቱ ደግሞ «ተጠናቆ አገልግሎት ጀምሯል» ይላል። አቶ መሸሻ ጽፈው ልከውታል፤ ከላይ «በፎቶ ይደገፍ» ተብለዋል።

«መብራቱ በርቶ፣ በምሽት፣ ያማረ አድርገህ» አሉኝ።

«ጋሽ መሸሻ፣ መብራት የለውም እኮ።»

«እሱን አንተ ታውቃለህ። ሽቦው በመስከረም ይገባል፣ ውሸት አይደለም፣ ትንሽ መቅደም ነው። ይህን ሥራልኝ፣ በማግስቱ መልቀቂያህን እፈርማለሁ። ቃሌ ነው።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ? ነበረብኝ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ለመልቀቂያው ብቻ ብዬ አይደለም እሺ ያልኩት። እንዴት እንደሚሠራ ገና ሲናገሩ ጭንቅላቴ ውስጥ ስለታየኝ ነው። ትዕቢት ነው ሌላ አይደለም።

የሌሊት ፎቶ በሌሊት አይነሳም። ይህንን ጎባ ነው የተማርኩት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየሄድኩ የድሮዎቹን ቤቶች ሳነሳ። ሰማዩ ከጠቆረ በኋላ ካነሳህ ጣሪያው ከሰማዩ አይለይም። ፀሐይ ገብታ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲያልፍ ሰማዩ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፤ ያለችህ ያቺ ሩብ ሰዓት ብቻ ናት። ካሜራውን መቆሚያው ላይ ትተክላለህ፣ ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ነፋስ እንዳያነቃንቀው ድንጋይ የሞላ ከረጢት ታንጠለጥልበታለህ። ባትሪው በብርድ እንዳይሞት እስከ መጨረሻው ብብትህ ሥር ይቆያል። ከዚያ ሌንሱን ለብዙ ሰኮንድ፣ ሲያሻህ ለደቂቃዎች ክፍት ትተዋለህ። በፊቱ ባጃጅ ይለፍ፣ ሰው ይለፍ፣ አህያ ይለፍ፣ አንዱም አይታይም። የሚንቀሳቀስ ሁሉ ይጠፋል፤ የቆመ ብቻ ይቀራል። ለተማሪዎቼም ደጋግሜ የምነግራቸው ነው፦ ካልቆምክ አትያዝም።

ዘዴዬ እንግዲህ ይህ ነበር። ሌንሱን አራት ደቂቃ ከፍቼ፣ እኔ ጥቁር ልብስ ለብሼ ህንፃው ውስጥ እሮጣለሁ። በየክፍሉ እየገባሁ የእጅ ባትሪዬን በቢጫ ፌስታል ጠቅልዬ የውስጡን ግድግዳ አበራለሁ፤ አሥር ሰኮንድ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። እኔ ስለምንቀሳቀስ አልታይም፣ ያበራሁት ግድግዳ ግን ይታያል። ካሜራው አሥራ ሁለቱም መስኮት በአንድ ጊዜ የበራ ያደርገዋል። በበሩ በኩል ጠጠሩ ስለሚያስጠላ ከጀርባ ላነሳው ወሰንኩ፤ ከጀርባ ንጹሕ ግድግዳና መስኮት ብቻ ነው።

ረዳቴ ዘበኛችን ኦቦ ዲማ ናቸው። መግሪብ ሰግደው ሲጨርሱ የእኔ ሰማያዊ ሰዓት ይጀምራል፤ ከሰዓት በላይ እሳቸውን ነው የማምነው። ጃንጥላ ከካሜራው በላይ እንዲይዙ፣ አራት ደቂቃ ሲሞላ ከካሜራው በተዘረጋው ገመድ ጫፍ ላይ ያለውን ቁልፍ እንዲለቁ አሳየኋቸው።

«ባርሲሳ» አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው፣ ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም። «የሌለ መብራት ማሳየት ውሸት አይሆንም እንዴ?»

«ፎቶ ነው እኮ ኦቦ ዲማ።»

«እህ። እሺ፣ አላህ ያሳምረው» አሉና ጃንጥላውን ዘረጉ።

ሮጥኩ። ከታች ስድስቱን እንደ ሰዓት ጨረስኳቸው። በዚያ መደገፊያ በሌለው ደረጃ ግድግዳውን እየዳበስኩ ወጣሁ። ሰባት። ስምንት። ዘጠነኛው ክፍል ገብቼ ባትሪውን ወለሉ ላይ ወደ ግድግዳው አዙሬ እንዳስቀመጥኩ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። አንድ ሰዓት ሆኗል። ምኞት ናት።

ማጥፋት ነበረብኝ። ግን ያን ቀን ትኩሳት ነበራት፣ ሳምራዊት ጠዋት ነግራኛለች። አነሳሁት።

«አባዬ፣ መርፌ ወጉኝ። አላለቀስኩም።»

«ጎበዝ! የኔ ጀግና!»

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«በቅርብ። በጣም በቅርብ። ነገ ወረቀቴ ይፈረማል።»

«ከዚያ የስልክ አባዬ አይደለህም?»

«አይደለሁም።»

ስንት ሰኮንድ እንደቆምኩ አላውቅም። ድንገት ሲታወሰኝ ባትሪውን አንስቼ በረርኩ፤ አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። ከታች ኦቦ ዲማ «ሞላ!» ብለው ጮኹ፤ ወዲያው ዝናቡ ወረደ።

ቤቴ ገብቼ ምስሉን ከፈትኩት። እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ሰማዩ፣ በቀኑ ዝናብ የረጠበው ግድግዳ፣ የሞቀ ቢጫ መስኮት በየተራው። ዘጠነኛው መስኮት ላይ ደግሞ ሰው ቆሟል። አንገቱን ደፍቷል፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጓል። ጥቁር ነው፣ ፊቱ አይታይም፣ ግን የሚያውቀኝ ሁሉ በትከሻዬ ይለየኛል። ወይ ነዶ! ቆሜ ተያዝኩ።

ጠዋት አቶ መሸሻን «ተበላሽቷል፣ ዛሬ እደግመዋለሁ» አልኳቸው። ፎቶውን የጫንኩበትን ስልኬን ተቀብለው አዩት። ከወንበራቸው ተነሱ።

«ሰው አለበት!»

«እሱ ነው የተበላሸው…»

«ምን ተበላሸ ትላለህ! ሰው እኮ ነው! መብራቱን ማንም ያበራል፤ ሰው ሲታይበት ግን ማን ይጠራጠራል? መምህሩ ቤቱ ገብቶ፣ ከቤተሰቡ ጋር በስልክ ሲያወራ! አንተ ሰው!» ግንባሬን ሳሙኝ። ፎቶው በዚያው ደቂቃ ተላከ።

«መልቀቂያዬስ?»

«ይህ ይለፍና ወዲያው።»

አለፈ። በሳምንቱ የምስጋና ደብዳቤ መጣ፤ ከሥሩ አንድ መስመር አለችው፦ «የነዋሪ መምህራን ስም ዝርዝር ከነክፍል ቁጥራቸው ይላክ።» መምህራኑ ሁሉ ለክረምት አገራቸው ገብተዋል። አቶ መሸሻ አሥራ ሁለት ስም ጻፉ። «ክፍል ዘጠኝ፣ መምህር መልአኩ።»

ነሐሴ ሃያ ሦስት ቀን ቢሯቸው ገባሁ። ያነሳሁት ፎቷቸው ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ሁለቱም ዓይን እኩል።

«ጋሽ መሸሻ፣ ሁለት ቀን ነው የቀረኝ። ቃልዎ ነበር።»

«ቁጭ በል።» ድምፃቸው ለስልሶ ነበር፣ እሱ ነው ያስፈራኝ። «አሁን ብለቅህ ምን ይላሉ? በፎቶ ያየነው ሰውዬ በገባ በወሩ የት ሄደ ይላሉ። ሰው ይልካሉ። የተላከው ሰው ክፍል ዘጠኝ ገብቶ ግድግዳው ላይ ማብሪያ ማጥፊያ ይፈልጋል። አለ?»

«የለም።»

«ያኔ እኔም እጠየቃለሁ፣ አንተም። ያበራኸው አንተ ነህ አይደል?»

«ስሜን ከዝርዝሩ ያውጡታ!»

«ዝርዝሩ ተልኳል መልአኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እስከሚቀጥለው ዓመት ታገሠኝ።»

ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። ሻዩ ፈሰሰ። እሳቸው አልተቆጡም፤ በመሐረባቸው ጠርገው ሌላ ሻይ አዘዙልኝ። ብከሳቸው ማስረጃው የራሴ እጅ ሥራ ነው። ዝም ብል ሃያ አምስት ይመጣል። ሻዩን ጠጣሁት፣ አፈር ልብላ!

ሃያ አምስት መጣ። ማታ ዘይነዲን ደወለ። «ወንድሜ፣ አፉ በለኝ። ጎባ ያለ አንድ መምህር የተፈረመ ወረቀቱን ይዞ ቀረበኝ። እናቴ ጊዜ የላትም።» ምን ልበለው? እናትህን አላህ ይማርልህ አልኩት። ከልቤ ነው፤ እሱ ምን አጠፋ።

ከዚያ ደግሞ «ሰው ድንገት ቢመጣ» ተባለና የተከራየሁትን ክፍል ለቅቄ ህንፃው ውስጥ ገባሁ። ከአሥራ ሁለቱ ክፍል ሰው ያለበት አንዱ ብቻ ነው። መስከረም አልፏል፣ ጥቅምት ገብቷል፣ ሽቦው አልገባም፤ የተመለሱት መምህራን አንዳቸውም ወደዚህ ጨለማ አልመጡም። የተማሪ ደብተር በእጅ ባትሪ አርማለሁ። ስልኬን ኦቦ ዲማ ጎጆ ነው የምሞላው። እሳቸው «አብሽር ባርሲሳ» ይሉኛል፤ ስለ ውሸቱ አንድ ቀን አላነሱብኝም፣ ቢያነሱብኝ ይሻለኝ ነበር። ፎቶው ትልቅ ባነር ሆኖ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰቅሏል። በወጣሁና በገባሁ ቁጥር አንገቱን በደፋው በራሴ ምስል ሥር አልፋለሁ።

ኔትወርክ የሚይዘው መስኮቱ ጋ ብቻ ነው። ትናንት አንድ ሰዓት ላይ ባትሪዬን ወለሉ ላይ አስቀምጬ እዚያው ቆምኩ።

«አባዬ፣ እማ ፎቶውን አሳየችኝ። መስኮቱ ላይ ያለኸው አንተ ነህ አይደል?»

«እኔ ነኝ ምኞቴ።»

«እና ለምን አትወጣም?»

«እወጣለሁ። ትንሽ ጊዜ ነው።»

«በሩን ፈለግኩት» አለች። «በጣቴ ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት መስኮት አለ። በሩ የት ነው?»

«በሌላ በኩል ነው፣ አይታይም።»

ትንሽ አሰበች። ስታስብ ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ታዲያ በሩን ለምን አላነሳኸውም?»

ስለ ፎቶ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ መልሼ አውቃለሁ፤ ትንሽ ዓይን እንዴት እንደሚተልቅ፣ የሌለ መብራት እንዴት እንደሚበራ። ከውጭ ማንም እንዳያየኝ ከመስኮቱ ወደ ኋላ ራቅ አልኩ፣ ስልኩም ተቋረጠ። ከዚያ ተመልሼ መስኮቱ ላይ ቆምኩና ደወልኩላት።