ሁለት ቆጠራ

ሙቱቬል ሲደውሉ ኩይሊ የተሳሳተ ቁጥር መስሏት ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ አላናገሯትም። ሚርዳንጋም የሚባለውን ባለ ሁለት ፊት ከበሮ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ እሷ ግን ትምህርቱን ይዛ ሲንጋፖር ሄደችና ከሳክስፎንና ከፒያኖ ጋር ደባለቀችው። ያኔ ሰው በተሰበሰበበት «እርጎ የተቀላቀለበት ሩዝ ላይ ኬቻፕ አፈሰሰችበት» አሉ። አባባሉ ሕንድ ካለው ሰፈራቸው ከማይላፑር ተነስቶ ሲንጋፖር ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። የጃዝ ጓደኞቿ ሲሰሙት በጣም ወደዱትና የመጀመሪያ አልበማቸውን «ኬቻፕ» ብለው ሰየሙት። ይሄ ደግሞ ነገሩን አላበረደውም።

«ቅዳሜ አስር ሰዓት አቢራሚ ትዘፍናለች፣ እኔ አጅባታለሁ» አሉ ሙቱቬል፣ ሰላምታ የሚባል ነገር ሳያነሱ። «ካንጂራሽን ይዘሽ አጠገቤ ትቀመጫለሽ።»

«እሺ፣ አያ» አለች። ካንጂራ በአንድ እጅ የሚያዝ ትንሽ አታሞ ነው፤ ሥራው ትልቁን ከበሮ መከተል ነው። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው አስር ሰዓት ያሉት ነገር የከነከናት። ሙቱቬል ለሠላሳ ዓመታት በታኅሣሥ የሙዚቃ ወቅት የምሽት መድረክ እንጂ፣ ጡረተኞች ከምሳ እንቅልፍ ተነስተው የሚመጡበትን የአስር ሰዓቱን ተጫውተው አያውቁም።

ከሲንጋፖር በርራ ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ደረሰች። ልጃቸው ካቲር በሩን ከፈተላት። ሙቱቬል ምንጣፍ ላይ ከከበሮው ጋር ተቀምጠዋል፤ ቀና ብለው አዩዋትና፣

«መጣሽ? ኬቻፕሽን ይዘሻል?» አሏት።

«የአዳራሹ ምግብ ቤት አያጣም ብዬ ተውኩት፣ አያ።»

«አፍሽ አልተለወጠም። ተቀመጪ።»

የከበሮው ግራ ፊት ወፈር ያለ ድምፅ እንዲሰጥ ከጨዋታ በፊት መሐሉ ላይ የስንዴ ሊጥ ይለጠፍበታል፤ ሲያልቅ ይፋቃል። ሙቱቬል ሊጡን ለማሸት ውሃ ጠብ አደረጉ። ጣሳውን አስቀመጡ። ከዚያ መልሰው አነሱትና እንደ አዲስ ውሃ ጨመሩበት። ሊጡ አጥሚት ሆነ። ኩይሊ አየች፤ ማየቷን ደግሞ እሳቸው አዩ።

«ለምንድነው እኔን የጠሩኝ?» አለች። «እዚህ ከተማ ካንጂራ የሚመታ ሰው ጠፋ?»

«ሞልቷል።»

«ታዲያ?»

«እነሱ ያከብሩኛል።» እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ሚስቴ ብትኖር እሷ ትነግረኝ ነበር። ይሄ ካቲር እንደሆነ በሬ ወለደ ብዬ ብነግረውም እሺ ይለኛል። አንቺ ግን ፊት ለፊቴ ቆመሽ እምቢ ያልሽኝ ብቸኛ ተማሪዬ ነሽ። ስሚኝ፤ ከቆጠራ ከወጣሁ ትነግሪኛለሽ። ዛሬውኑ፣ ሳላድር። ከነገርሽኝ መድረክ ላይ ዳግም አልወጣም።»

«ከቆጠራ ካልወጡስ?»

«ካልወጣሁ ሐሙስ ምሽት ሌላ መድረክ አለኝ፣ እሱን እጫወታለሁ። አንቺም ወደ ሳክስፎንሽ ትመለሻለሽ። ቃል ግቢልኝ።»

ገባች። ሌላ ምን ልትል ትችላለች? ሊጡን ከእጃቸው ተቀብላ እንደገና አሸችላቸው።

አዳራሹ በግማሽ ሞልቷል። የፊተኛው ወንበር ላይ ራጋቫቻሪ ተቀምጠዋል፤ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፣ ለአርባ ዓመት አንድ የታኅሣሥ ወቅት አላመለጣቸውም። እንደ ሌላው አድማጭ ሁሉ የዘፈኑን ስምንት ምት ጭናቸው ላይ በመዳፋቸው እየመቱ ይቆጥራሉ። ከበሮ መቺ ሲሳሳት እጃቸውን ያቆሙና ጣራውን ያያሉ። ሌላ ምንም አይናገሩም። በዚህች ጣራ ማየት ብቻ ስንቱ ወጣት መቺ ወቅቱን ሙሉ ሳይጠራ ቀርቷል።

አቢራሚ ዋናውን ዘፈን ዘፍና ዝም አለች። አሁን የከበሮዎቹ ተራ ነው። ሙቱቬል ጀመሩ፤ ኩይሊ ተቀበለቻቸው። ጣቶቻቸው አላረጁም፤ ሰባ ስድስት ዓመት የሆነው ሌላው አካላቸው ነው። እሳቸው መትተው ይሰጧታል፣ እሷ ትመልሳለች፤ ቅብብሉ እያጠረ እያጠረ ሄዶ ሁለቱ ገጠሙ። ለሩብ ሰዓት ያህል ኩይሊ የጠዋቱን ሊጥ ረሳችው።

ከዚያ መዝጊያው መጣ። መዝጊያው አንድ ሐረግ ነው፤ ሁለቱ አብረው ሦስት ጊዜ ይመቱታል። በየመሐሉ ሁለት ቆጠራ ዝም ይላሉ። ሦስተኛው ሐረግ ዘፋኟ የምትገባበት ቦታ ላይ ልክክ ብሎ ማለቅ አለበት፤ ትንሽ ቀደም ቢል ወይም ቢዘገይ አዳራሹ በሙሉ ያውቃል።

የመጀመሪያውን መቱ። ኩይሊ ለዝምታው እጇን አነሳች። ሙቱቬል ግን አላቆሙም፤ ሁለቱን ቆጠራ ዘለው ሁለተኛውን ጀመሩ።

ተከተለቻቸው። ካንጂራ ይከተላል፣ ጨዋታውም ደንቡም ይሄ ነው። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ብትከተላቸው ሁለት ቆጠራ ቀድመው ያልቃሉ፤ አቢራሚ አፏን ከፍታ ትቀራለች። ከፊት የራጋቫቻሪ መዳፍ ጭናቸው ላይ ሳያርፍ ቆመ። አገጫቸው ወደ ላይ መነሳት ጀመረ።

ሁለተኛው ሐረግ አለቀ። ኩይሊ ካንጂራውን ወደ ሙቱቬል ዓይን ከፍ አድርጋ ቆዳውን በጣቷ እየተጫነች አንድ ጊዜ መታችው። ድምፁ እየጎበጠ ወደ ታች ወረደ፣ በዚያ መድረክ ተሰምቶ የማያውቅ ድምፅ። ሙቱቬል ደንግጠው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። የጎደለው ዝምታና የቀረው ዝምታ ባንድ ላይ። በራሷ ነቀነቀችላቸው፤ ሦስተኛውን አብረው መቱና አቢራሚ ቦታዋ ላይ ገባች።

አዳራሹ አበደ። ራጋቫቻሪ ጣራውን አላዩም፤ ብድግ ብለው አጨበጨቡ።

ሲያልቅ ራጋቫቻሪ ከመድረክ ጀርባ ወዳለው ክፍል እየተጣደፉ መጡ። «አርባ ዓመት ስሰማህ ኖሬ!» አሉ ሙቱቬልን። «መጀመሪያ ዝምታ የለም፣ ከዚያ እጥፉ! ደብቀህ የኖርከው ለማን ነው፣ አንተ ሌባ? ተሳሳተ ብዬ ጣራውን ላየው ነበር እኮ!»

«ገና ምኑን አይተህ» አሉ ሙቱቬል እየሳቁ። ራጋቫቻሪ ለሌሎቹ ሊያወሩ ወጡ። አቢራሚ ሻሏን ሰብስባ «ሐሙስ እንገናኝ፣ አያ» አለችና ኩይሊን ሳታያት ሄደች። እሷም መድረክ ላይ በእጇ ስትቆጥር ነበር፤ የጎደለውን አውቃለች።

ሙቱቬል በትንሽ ቢላ ሊጡን ከከበሮው መፋቅ ጀመሩ። ካቲር የከበሮውን ልብስ ይዞ ይጠብቃል።

«በይ እንጂ፣ ምን ይዘጋሻል?» አሉ ሳያዩዋት። «ወጥቻለሁ?»

ሁሉም ሰው ደስ ብሎታል። አልወጡም ብትል ማንም አይከሳትም፣ አውሮፕላኗም ነገ ጠዋት ነው።

«ወጥተዋል» አለች። «የመጀመሪያውን ዝምታ ዘለሉት። ሁለት ቆጠራ።»

ቢላው ቆመ። «የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ። ያን አስቀያሚ ድምፅ ስታወጪ እንደጠፋብሽ ገባኝና ጠበቅሁሽ። መኪና ውስጥ ልቆጣሽ ነበር።»

«አልጠፋብኝም፣ አያ።»

«አባዬ፣ ሰው ሁሉ እኮ ወዶታል…» አለ ካቲር።

«አንተ ዝም በል። ምት ያዢልኝ» አሏት።

ስምንቱን ምት በመዳፏ ጭኗ ላይ መምታት ጀመረች። ሙቱቬል መዝጊያውን በአፋቸው አወረዱት፤ «ታ ዲ ኪ ታ ቶም» እያሉ፣ ፊታቸው እንደ ጥንቱ ኮስተር ብሎ፣ አንዲት ፊደል ሳትደናቀፍባቸው። የመጀመሪያውን ጨረሱና ሳያርፉ ሁለተኛው ውስጥ ገቡ። ኩይሊ መምታቷን ቀጠለች። ሁለተኛው፣ ዝምታ፣ ሦስተኛው። «ቶም!» ብለው ጨረሱና በድል ቀና አሉ።

የኩይሊ እጅ አየር ላይ ነበር። ሙቱቬል እጇን አዩት። አወረደችው፣ አነሳችው፣ እንደገና አወረደችው። ሁለት።

ከኮሪደሩ የራጋቫቻሪ ድምፅ ይሰማል፤ መዝጊያውን ለሆነ ሰው ጭናቸው ላይ እየመቱ ያስረዳሉ።

ሙቱቬል የቀረውን ሊጥ ፋቁ። ቆዳውን ጠረጉት። ከበሮውን ለካቲር ሰጡና፣ «ደውለህ ለሐሙስ ሌላ ሰው ፈልጉ በላቸው» አሉት።

«አባዬ፣ ምክንያቱን ሲጠይቁኝስ?»

«ሌላ ሰው ፈልጉ አልኩህ።»

ካቲር ወጣ። ኩይሊ ካንጂራዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተችና ምን አጥፍቼ ብላ ዘጋችው።

«ያንን እጥፍ ዝምታ ከየት አመጣሽው?» አሉ ሙቱቬል። «እኔ አላስተማርኩሽም።»

«ከሳክስፎን ተጫዋቻችን ነው። ሽማግሌ ነው፤ ትንፋሽ ሲያጥረው መሐል ላይ ያቆማል። ያን ድምፅ አወጣለትና እንጠብቀዋለን።»

«ትጠብቁታላችሁ?»

«አዎ።»

«እዚህ ማን ይጠብቃል?» አሉ። በጥፍራቸው ሥር የቀረውን ሊጥ በቢላው ጫፍ እያወጡ በሩን ያዩ ነበር፤ ከውጭ ራጋቫቻሪ አሁንም ይቆጥራሉ።