የአሰልጣኙ ሸክላ

«ሸክላውን የሚሰብረው ካይ ነው» አለ አጎቷ ደፉ፣ የሱፍ ቅርፊት እግሩ ሥር እየተፋ። «ተነጋግረን ጨርሰናል።»

ሹዋንግ ሸክላው ፊት ተንበርክካ ለሟች ገንዘብ ይሆነዋል የሚባለውን ወረቀት እያነደደች ነበር። ቀና አላለችም።

«ከማን ጋር ነው የተነጋገሩት፣ አጎቴ?»

«ከዘመዱ ሁሉ ጋር።»

«እኔ እንግዲህ ጎረቤት ነኝ።»

ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት የአባቷ ጓደኞች ካርታ መጣል አቆሙ። ዓይናቸው ካርታቸው ላይ ነው፤ ጆሯቸው እዚህ ነው። ድንኳኑ የተተከለው የብረት ፋብሪካው ሠራተኞች በሚኖሩባቸው ሕንፃዎች መሃል፣ በረዶው ወደ ጥግ በተጠረገበት ግቢ ውስጥ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የአባቷ ፎቶ ቆሟል። አሰልጣኝ ጉዋን ደሹን ቀዩን የቡድን ጃኬት ለብሶ፣ በሕይወት ሳለ እንደሚያደርገው፣ የሚያየውን ሰው ሁሉ ከላይ እስከ ታች ይለካል።

ሸክላው ራሱ ተራ ነገር ነው፤ ከገበያ የሚገዛ፣ ወፍራም፣ ቡናማ። ለቅሶው እስኪያልቅ ወረቀት ይነድበታል። አስከሬን የጫነው መኪና ሊነሳ ሲል ግን የሟቹ ልጅ ከራሱ በላይ ያነሳውና ጡብ ላይ ይከሰክሰዋል። በአንዴ መድቀቅ አለበት። ሸክላውን የሰበረ ልጅ ነው፤ የቀረው ለቀስተኛ ነው። ወንድ ልጅ ከሌለ የወንድም ልጅ ይሰብራል፤ ሴት ልጅ ቆማ ታለቅሳለች። በዚህ ሰፈር ሌላ ነገር ታይቶ አያውቅም።

«ካይ ራሱ ፈልጓል?» አለች።

ካይ የደፉ ልጅ ነው፤ ታክሲ ይነዳል፤ ከሰው ጋር መጣላት አይወድም። ካርታውን ደረቱ ላይ ለጥፎ «እኔ ምን ቸገረኝ፣ እህቴ» አለ። «እንደተባልኩት ነው።»

ደፉ ወንበሩን ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ድምፁን ለስለስ አደረገ። «ስሚኝ ልጄ። አንቺ ዓለም ዞረሽ ያየሽ ሰው ነሽ። ሰው አያነጋግረን። ይህችን አንዴ ልቀቂ።»

ሹዋንግ የያዘችውን ወረቀት ጨመደደችው። ይህንኑ ቃል፣ በዚሁ በለሰለሰ ድምፅ፣ ከደፉ ወንድም፣ ከአባቷ አፍ ሰምታዋለች። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር።

አባቷ ገና ራኬቱ ከክንዷ ሲረዝም ነው ባድሜንተን ያስጀመራት። የፋብሪካው አዳራሽ ክረምት ላይ ከደጅ ይብስ ነበር፤ እስትንፋሷ እየታየ ትሮጣለች። የላባ ኳሱን አንድ በአንድ ይወረውርላታል፤ የሜዳው ጥግ ላይ የሻይ ስኒ ክዳን ያስቀምጥና «ይሄን ምቺ» ይላታል። እስክትመታው ወደ ቤት መሄድ የለም። ሲያልቅ ደግሞ አዳራሹ በሙሉ ላባ በላባ ይሆናል፤ ሌሎቹም ልጆች እሷም ተንበርክከው ይለቅማሉ። የመታ ራሱ ይልቀም ነው ሕጉ። የተሰባበረውንም ቢሆን፤ ሳይለቅሙ ራት አይታሰብም።

አደገችና የክፍለ ሀገሩ ቡድን ወሰዳት፤ ቀጥሎ ብሔራዊ ቡድን ገባች። አባቷም ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ ተከተላት። በቡድኑ ውስጥ «አባባ» ማለት ክልክል ነበር። «አሰልጣኝ» ትለዋለች፤ እሱም «ጉዋን» እያለ እንደ ባዳ በቤተሰብ ስሟ ይጠራታል። ጉልበቷ አብጦ ስታነክስ ሌሎቹን ሐኪም ጋ ይልካል፤ እሷን ገመድ ያዘልላታል። ልጁን አዳላ እንዳይባል። ሰው ምን ይላል የሚለው በሽታ ከዚያ ቤተሰብ ደም የወጣ አይመስልም።

እንዲህ ተንገላትታ የዓለም ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። የገጠመቻት የገዛ ቡድኗ ልጅ ፓን ዬ ነበረች። በሌላው በኩል ለፍጻሜ ያለፈችው የውጭ አገር ተጫዋች ናት። ከጨዋታው በፊት አባቷ ክፍሏ መጣ፤ የታጠበ ማሊያ በእጁ ይዟል።

«ነገ ለፓን ዬ ልቀቂላት» አላት። «እሷ ጉልበቷን ቆጥባ ለፍጻሜው ትግባ። ከላይ የተወሰነ ነው።»

«ማን ወሰነ?»

«ተወስኗል አልኩሽ። እንዳያስታውቅብሽ፤ ኳሱ መስመሩን በመዳፍ ያህል ብቻ አልፎ ይውጣ።»

በመዳፍ ያህል። የስኒ ክዳን መምታት ያስተማራት ሰው ነው ይህን የሚላት። እሷም አደረገችው፤ መታዘዝ እንጂ እምቢ ማለት ማን አስተምሯት። ኳሱ በየተራ መስመሩን በመዳፍ ያህል እያለፈ ወጣ። ተመልካቹ ገብቶት ያፏጭ ጀመር። አባቷ ከላይ ወንበር ላይ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይ አያት። ፓን ዬ በማግስቱ ወርቁን ወሰደች፤ ጋዜጣው፣ ቴሌቪዥኑ፣ አበባው ሁሉ የሷ ሆነ። የሹዋንግ የጉልበት ጅማት በተከታዩ ዓመት ተበጠሰ፤ ግማሽ ፍጻሜ የሚባል ነገር ዳግም አላየችም። አባቷ ሹመት ሲያገኝ ሰው ልጁን ሽጦ ተሾመ ብሎ አማ። እሷም ያንን አመነች፤ ማመኑ ንዴቷን ማረፊያ ሰጠው።

ከሰዓት በኋላ ፓን ዬ ራሷ ለቅሶ መጣች። አሁን ትልቅ ሰው ናት፤ በየስብሰባው ፊት ወንበር የሚያዝላት። ጥቁር ካፖርቷን እንደለበሰች ፎቶው ፊት ሦስት ጊዜ ጎንበስ አለች። ካርታ ተጫዋቾቹ ስልካቸውን እያወጡ ያነሷት ጀመር። አንዱማ አስከሬኑን ረስቶ «እስቲ ወደ ብርሃኑ ዞር በይልኝ፣ የኔ እመቤት» አላት።

ሹዋንግ ተነስታ ወጣች። ከሕንፃው ጀርባ ለክረምት የተከመረው ጥቅል ጎመን ጋ ቆማ ሲጋራ ለኮሰች። ፓን ዬ ተከትላት መጣች።

«ከኔ ጋር ማውራት እንደማትፈልጊ አውቃለሁ» አለች ፓን ዬ።

«ካወቅሽ ጥሩ ነው።»

«አባትሽ ሆስፒታል ሳሉ ሄጄ ጠይቄያቸው ነበር። ያኔ ያልደፈርኩትን ጠየቅኳቸው፤ ለምን እኔን መረጡ አልኳቸው።»

ሹዋንግ ዞረች። «መረጡ? ከላይ ነው የተወሰነው።»

«ከላይ የተወሰነው አንዳችን እንድንሸነፍ ነበር። የትኛዋ የሚለውን አንተ ምረጥ አሏቸው። ሁለታችንንም የሚያሠለጥኑት እሳቸው ነበሩ።» ፓን ዬ ጓንቷን አውልቃ መልሳ አጠለቀች። «አባቴ ከሰል ማዕድን ውስጥ ነበር የሚሠራው፤ ታውቂያለሽ። ልጄን አደራ ብሎ ነው የሰጣቸው። "የሰው አደራ ይዤ ተሸነፊ ብላት አባቷን በምን ዓይኔ አየዋለሁ? የራሴዋን ግን ቤቴ ወስጄ እክሳታለሁ" አሉኝ።»

ሹዋንግ ማጨሷን ተወች። ሲጋራው ጣቶቿ መሃል ነደደ።

«ሌላም ነገር አሉኝ» አለች ፓን ዬ። «ብትጫወት ኖሮ እሷ ነበረች የምታሸንፍሽ አሉኝ። ለፍጻሜውም እሷ ትሻል ነበር አሉኝ። እኔም አውቀዋለሁ። ልምምድ ላይ መቼ አሸንፌሽ አውቃለሁ?»

«ላንቺ ነገረሽ?»

«አዎ።»

«አንቺን አልጋው አጠገብ አስቀምጦ እሷ ትሻል ነበር አለሽ። እኔስ? እኔ ያንን አንድ ቃል ስጠብቅ አረጀሁ እኮ። የሰው አደራ ይላል! እኔ የማን ነበርኩ?» ሲጋራውን ጎመኑ ላይ ተረኮሰችው። «ሂጂ። ፎቶ ያነሱሽ፣ ሰዎቹ እየጠበቁሽ ነው።»

ፓን ዬ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ሄደች። ሹዋንግን አላሳዘነቻትም።

እናቷ ቤት ውስጥ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለሟቹ የሚነድ ብርማ ወረቀት በጀልባ ቅርጽ ታጥፋለች። ሹዋንግ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«እማ፣ የመረጠው እሱ እንደነበር ታውቂ ነበር?»

እናቷ ማጠፏን አላቆመችም። «አውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ራሱ ይንገራት ብዬ። ለበዓል በመጣሽ ቁጥር ዛሬ ይነግራታል እላለሁ። እሱ ጂያውዚውን ሳህንሽ ላይ ይከምርልሻል፤ ሊጡ ውስጥ ሥጋ የበዛበትን እየመረጠ። ከዚያ ሲጋራ ላጭስ ብሎ ይወጣል።»

«ካሳው ያ ነበር? በጂያውዚ ነው የካሰኝ?»

«አባትሽ ሌላ ነገር አያውቅም ነበር፣ ልጄ።»

«አያውቅም አትበይኝ። ለፓን ዬ መናገር ያውቃል።»

እናቷ የታጠፈውን ወረቀት ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «እኔም ተናድጄበታለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ሞቶም ተናድጄበታለሁ። አንቺ ብቻ አይምሰልሽ።»

ሹዋንግ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ያቺ የግማሽ ፍጻሜዋ ቀን መጣችባት። ከጨዋታው በኋላ ልምምድ አዳራሽ ገብታ፣ ያገኘችውን የላባ ኳስ ሁሉ ክንዷ እስኪዝል ግድግዳው ላይ ደብድባ፣ ሳትለቅም ወጥታ ነበር። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ። ቦርሳዋን ረስታ ስትመለስ አባቷ መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ ጃኬቱን እንደ ከረጢት ይዞ፣ የተሰባበሩትን ላባዎች ይለቅማል። በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ቀና ቢል፣ አንድ ነገር ቢል ብላ ጠበቀች። መቆሟን አውቋል፤ እጁ አንድ ላባ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ቀና ሳይል መልቀሙን ቀጠለ። ቦርሳዋን ትታ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ብርዱ ፊት ይቆርጣል። አስከሬኑ መኪናው ላይ ተጫነ፤ ሞተሩ ተነሳ። ጡቡ መንገዱ ላይ ተቀመጠ። ደፉ ሸክላውን ከነአመዱ አንስቶ ለካይ ሰጠው፤ ካይም ነጭ መቀነቱን አጥብቆ ወደ ጡቡ ቀረበ። ሰው ዳርና ዳር ቆሟል። ፓን ዬም አለች፤ ከሁሉ ኋላ።

ሹዋንግ ከእናቷ ጎን ወጥታ ካይ ፊት ቆመች። ሸክላውን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ስጠኝ።»

ካይ አባቱን አየ። ደፉ በፍጥነት መጣ። «ሹዋንግ፣ ሰው ፊት ነን። ልቀቂ።»

«አልለቅም።»

«የወንድሜን አስከሬን ቆመሽ ልታዋርጂ ነው? ልቀቂ እኮ ነው የምልሽ!»

«አንዴ ለቅቄአለሁ። አባቴ ነው ልቀቂ ያለኝ፣ ለቀቅኩ፤ ዕድሜዬን በላው። አሁን አንተ ማን ሆነህ ነው የምታስለቅቀኝ?» አንቱታው ከአፏ ጠፍቷል። «የሌላ ሰው ልጅ እንዳይከፋት እኔን የሰጠው ልጁ ስለሆንኩ ነው አይደል? ልጁ ነኝ እንግዲህ። እኔ ነኝ የምሰብረው።»

ካይ እጁን ፈታ። «ውሰጂው፣ እህቴ» አለ በሹክሹክታ፤ አባቱ ትከሻውን ሲጨብጠውም ወደ ኋላ ተመለሰ እንጂ ሸክላውን አልነካም።

ሹዋንግ ሸክላውን በቀኝ እጇ ከራሷ በላይ አነሳችው። የታመመ ጉልበቷን አጠፍ፣ ወገቧን ዞር አደረገች፤ አባቷ በዚያ ብርዳም አዳራሽ እንዳስተማራት። ጡቡን አየች። ከስኒ ክዳን ይሰፋል። በመዳፍ ያህል ማለፍ የለም አለች በልቧ፤ ከሰከሰችው።

ሸክላው ጡቡ መሃል ላይ አርፎ ደቀቀ። አመዱ ተነስቶ የፊት ለፊቱን ሰዎች ጫማ ሸፈነ። ከካርታ ተጫዋቾቹ አንዱ «እጇ ያው ነው» አለ። መኪናው ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ሰውም ወደ መኪናው ዞረ።

ሹዋንግ አልተከተለችም። ተንበረከከችና ነጩን የሐዘን ልብሷን ጫፍ እንደ ከረጢት ይዛ ስብርባሪውን መልቀም ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ደፉ። «አይለቀምም እኮ፣ ተይው። በለቅሶ ወግ ወደ ኋላ አይታይም፣ ተነሽ።»

አልሰማችውም። አንዱን ስብርባሪ አነሳች፣ ቀጥላ ሌላውን፣ ትናንሾቹን ሳይቀር ከበረዶው ውስጥ በጣቷ እየፈለቀቀች። አሁንም ተናዳበታለች፤ ፊቷ ግን በእንባ ርሷል። እናቷ ወደ መኪናው ሄዳ መስታወቱን በጣቷ መታችው።

«ቁም፣ ልጄ» አለችው ሹፌሩን። «ትልቀምና ትመጣለች።»