ቀጭ የምትለው ክዳን

ሳክስፎን ነፊውን ሰው ሁሉ «ትንፋሽ» ነው የሚለው። ያን ቀን ስቱዲዮ ውሎ ሲመለስ ሚስቱ ጠየቀችው።

«ምን ዘፈን ቀዳችሁ?»

«ዘፈን የለም። እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ንፋ አሉኝ፤ አንዴ ለስለስ፣ አንዴ ጠንከር። ኪቦርድ ላይ እየተጫነ የሚሸጥ ነው።»

«ከፈሉህ?»

«ከፈሉኝ።»

«እሰይ! እንግዲህ ማንኮራፋትህንም ይግዙን።»

ወሩ ሳያልቅ፣ ማታ ማታ በሚጫወቱበት ምግብ ቤት ኪቦርድ ተጫዋቹ ወደ ጥግ ወሰደው።

«ወንድሜ፣ ባለቤቱ ሰው ቀንሱ ብሏል። እኔም ኪቦርዴ ላይ አዲስ የሳክስ ድምፅ ጭኛለሁ፤ ስማው እስቲ።»

ጣቱን አሳረፈ። ትንፋሽ ድምፁን ወዲያው አወቀው። ከፍ እያለ ሄደና አንዱ ድምፅ ላይ «ቀጭ» አለ። የትንፋሽ ሳክስፎን አንዷ የቀዳዳ ክዳን አርጅታ በላስቲክ ነው የታሰረችው፤ ስትገጥም ትጮኻለች። ሲጫወት ከእሷ በፊት ያለውን ድምፅ ጎትቶ ይሸፍናታል። ስቱዲዮ ውስጥ ግን ለብቻዋ ስትነፋ መሸፈኛ አልነበራትም።

«ይሄ እኮ እኔ ነኝ» አለ።

«አንተማ ነህ። ደሞዝ የማይጠይቀው አንተ!»

ትንፋሽ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ወጣ።

ደንበኞች ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ዘፈን አለ፤ አዝማቹ በሙሉ በዚያች ድምፅ ላይ ነው የሚያርፈው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ኪቦርዱ «ቀጭ» ባለ ቁጥር አስተናጋጁ ማንኪያ የወደቀበት እየመሰለው ጎንበስ ይል ነበር። በማግስቱ ከምግብ ቤቱ ለትንፋሽ ስልክ ተደወለ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ያንን ዘፈን ብቻ ሊነፋ ተስማሙ።

ብዙም ሳይቆይ የስቱዲዮው ሰው ደወለ።

«ጋሼ፣ የገዙን ሰዎች ቀጭ ይላል እያሉ አስቸገሩን። ሳክስፎኑን ያስጠግኑና ያችን አንዷን ድምፅ ይንፉልን። እንከፍላለን።»

«አስብበታለሁ» ብሎ ዘጋው።

ሚስቱ ሰምታለች። «ሂድ እንጂ! ምን ታስባለህ?»

«አስጠግኜ ከነፋሁላቸው ቅዳሜ ማን ይጠራኛል?»

«ሌላ ነፊ ቢያገኙስ?»

«እስኪያገኙ ድረስ እበላባታለሁ።»

ሚስቱ ፀጉሯን ያሰረችበትን ላስቲክ ፈትታ ሰጠችው።

«እንካ» አለችው፤ «ክዳኗ ላይ ያለው ሳስቷል። ተበጥሶ ጉድ እንዳያደርገን።»